መስቀሉ ሲበዛ ወርቁ ሲያንስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ተደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ «የመስቀልን ምልክት በገንዘቧ ላይ ቀድማ ያተመች አገር ማን ናት?» የሚል። ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ እጆች ይወጣሉ፤ «ኢትዮጵያ!» ይባላል፤ ጭብጨባ ይከተላል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል። በመልሱ ላይ ስሕተት የለበትም። የታሪክ ተመራማሪዎችም የአክሱምን ሳንቲሞች መስቀል በጉልሕ ከታተመባቸው የዓለም ገንዘቦች መካከል ከመጀመሪያዎቹ ይመድቧቸዋል። እኔ ግን ጭብጨባው ጥያቄውን ያለ ጊዜው ይዘጋዋል ባይ ነኝ። መስቀሉ ከታተመ በኋላ ሳንቲሙ ራሱ ምን ሆነ? ይህን የሚጠይቅ ውድድር እስካሁን አልገጠመኝም። ዛሬ ከቦምቤ ሆኜ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ስለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ነገሩን ከሮም መጀመር ግድ ይላል፤ የአክሱም የወርቅ ሳንቲም የተወለደው የሮማን ሳንቲም እያየ ነውና።

ፈሪሳውያንና የሄሮድስ ወገኖች ጌታችንን በቃል ሊያጠምዱት ስለ ቄሣር ግብር በጠየቁት ጊዜ (ማቴ. 22፥15-22) ያቀረቡለት ዲናር የብር ሳንቲም ነበር። በዚያን ዘመን ይዘዋወር በነበረው ዲናር ላይ የጢባርዮስ ቄሣር መልክ ተቀርጿል፤ በዙሪያው ያለው ጽሕፈት ደግሞ ቄሣሩን የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ ይለዋል። ጌታችን መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ መልሶ ሲጠይቃቸው፣ ያ ሐሰተኛ የመለኮትነት ጽሕፈት በእጃቸው፣ ያውም በቤተ መቅደሱ ውስጥ፣ እንደ ነበረ ልብ በሉ። ገንዘብ በጥንቱ ዓለም ዕቃ መግዣ ብቻ አልነበረም። ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን የንጉሡን መልክ፣ የንጉሡን ድል፣ የንጉሡን አምላክ ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚያደርስ አዋጅ ነጋሪ ነበር።

ከዲናሩ በላይ የወርቁ ሳንቲም ነበረ፤ አውሬዩስ ይባላል፤ አንዱ 25 የብር ዲናር ያወጣል። ድኻ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ላይይዘው ይችላል። የዚህን ሳንቲም ታሪክ በቁጥር ብቻ መከተል ይቻላል። በዩልዮስ ቄሣር ጊዜ ከአንድ የሮማ ሊትራ ወርቅ፣ ማለትም ከ325 ግራም ገደማ፣ 40 ሳንቲም ይወጣ ነበር። ቅዱሳን ሐዋርያት ጴጥሮስንና ጳውሎስን ያስገደለው ኔሮን በ64 ዓ.ም. 45 አደረገው። ካራካላ 50 አደረገው። የዘመነ ሰማዕታቱ ዲዮቅልጥያኖስ 60 አደረገው። ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ 72 አድርጎ ሶሊዱስ የተባለውን አዲስ ሳንቲም አወጣ፤ ክብደቱ 4.5 ግራም ያህል ነው። (ሰሜኖቹ ወገኖቻችን ከጣሊያን ወርሰው «ሶልዲ» የሚሉት ቃል የልጅ ልጁ ነው።) እንግዲህ ሳንቲሙ ከንጉሥ ወደ ንጉሥ እየቀለለ ሄደ፤ ወርቁ ግን በአብዛኛው ንጹሕ እንደ ሆነ ቆየ። መከራውን የተቀበለው ብሩ ነበር። በ260ዎቹ «ብር» ተብሎ የሚወጣው ሳንቲም በእውነቱ ላዩ ላይ ስስ ብር የተቀባ መዳብ ሆኖ ነበር። የቄሣሩ መልክ ግን አንድ ጸጉር አልጎደለበትም፤ አክሊሉም እንደ ቀድሞው ያበራ ነበር።

ይህ የሮማ ወርቅ ወደ እኛ ደርሷል። በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ተጓዥ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል በዚያ ለሚኖሩ የውጭ ነጋዴዎች የሚሆን ጥቂት የሮማ ገንዘብ ይቆጥራል። ከሁሉ ይልቅ የእኔን ልብ የሚይዘው ግን በሰንዓፌ አጠገብ ባለችው በመጠራ፣ ዛሬ በኤርትራ ምድር፣ በ1960ዎቹ በፍራንሲስ አንፍሬ ቁፋሮ የተገኘው ነው። ከአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ የወርቅ ሰንሰለቶች፣ የወርቅ መስቀሎች፣ ከእነርሱም ጋር ለአንገት ጌጥ የተዘጋጁ ከ10 የሚበልጡ የሮማ ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ወጡ። ሳንቲሞቹ የ2ኛውና የ3ኛው መቶ ዘመን መባቻ ናቸው፤ ክርስቲያኖችን ያሳደዱ ነገሥታት ዘመን። እስኪ አስቡት! ለራሳቸው ጣዖት አሠርተው የነበሩ ሰዎች መልክ በአንዲት የአክሱም ዘመን እናታችን ጌጥ ላይ፣ ከመስቀል አጠገብ ተንጠልጥሏል። ሮም በማኅተሙ ያስከበረችው ቄሣር እዚህ ሲደርስ ዶቃ ሆነ።

አክሱም የራስዋን የወርቅ ሳንቲም ማተም የጀመረችው በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ነው። በዚያ ዘመን በስማቸው ወርቅ የሚያትሙ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሮም፣ ፋርስ፣ የሕንዱ ኩሻን፤ ቀጥሎ አክሱም። (የኩሻኖቹ ወርቅ ከመቶ በሚበልጥ ቁጥር በደብረ ዳሞ መገኘቱን ስታውቁ የአቡነ አረጋዊ ገዳም ከየት እስከ የት እንደሚመለከት ይገባችኋል።) የአክሱሙ ሳንቲም ትንሽ ነው፤ መጀመሪያ 2.7 ግራም ያህል፣ ኋላም 1.6 ግራም ያህል። የትንሿን ጣት ጥፍር የምታህል ናት። በእርስዋ ላይ ንጉሡ በሁለት የእህል ዛላ መካከል ተቀርጿል። የሮማው ቄሣር ዙሪያውን የድል አማልክትና የጦር መሣሪያ ሲደረድር የእኛዎቹ እህል መረጡ። ገበሬ ለሆነ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ከንጉሡ ራስ በላይ መጀመሪያ የነበረው ምልክት ጨረቃና ክብ ነበር፤ የአሕዛብነት ዘመን ምልክት። ከዚያ ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሾሞ ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያናችን አብርሃ ወአጽብሃ ብላ የምታከብራቸውን፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ከኢዛናና ከሳይዛና ጋር የሚያስተያዩአቸውን ነገሥታት አስተማረ። በ4ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማም በኢዛና ሳንቲም ላይ ጨረቃው ወርዶ መስቀል ተተካ፤ አንድ ብቻም አይደለም፣ በአራቱ ማዕዘን አራት መስቀል።

ይህ ቀላል ውሳኔ እንዳይመስላችሁ። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ከ312ቱ ድሉ በኋላ እንኳ የፀሐይን ጣዖት ለዓመታት ከሳንቲሞቹ አላወረደም፤ የክርስቶስ ስም ምልክት በራስ ቁሩ ላይ በትንሹ ታይቶ የፀሐዩ አምላክ በጀርባው ይቀጥል ነበር። ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ግዛቱ ሰፊ ነበር፣ ወታደሩ ብዙው አሕዛብ ነበር፣ እናም ቀስ አለ። ኢዛና ያተመው ወርቅ ግን የሚዘዋወረው በአገር ውስጥ ገበያ ሳይሆን በባሕር ንግድ ላይ ነበር። ጽሕፈቱም ለዚህ ሲባል በጽርዕ ነው። ስለዚህ መስቀሉን ያሳየው ለሕንድ፣ ለዓረብ፣ ለፋርስና ለሮም ነጋዴ ነው። «ይህ ምልክት ገዢ ያሸሽብኛል» ብሎ የሚፈራ ሰው መጀመሪያ የሚደብቀው በዚህ ሳንቲም ላይ ነበር።

ለአገሬው ሰው ደግሞ የመዳቡ ሳንቲም ነበረ። ስለ ወርቁ የሚያጨበጭቡ ወጣቶቻችን ስለ መዳቡ አያውቁም፤ እኔ ግን ከወርቁ ይልቅ መዳቡን እወድደዋለሁ። በመካከሉ መስቀል፣ በዙሪያው «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል የጽርዕ ጽሕፈት አለበት። ኋላም ጽሕፈቱ ወደ ግእዝ ተመልሶ፣ በአርማሕ ሳንቲም ላይ ለሕዝብ ደስታን የሚመኝ ሆኗል። መሐደይስ የተባለው ንጉሥ ለቆስጠንጢኖስ የተገለጠለትን በመስቀል የማሸነፍ ቃል በግእዝ አስጽፏል፤ ያንን ቃል እኛ በመዳብ፣ ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ ጻፍነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአክሱም አንጥረኞች በአንዳንዱ የመዳብና የብር ሳንቲም ላይ፣ ከመስቀሉ ወይም ከንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ ቅጠል የመሰለ ስስ ወርቅ ይለጥፉ ነበር። ይህን ያደረገ ሌላ መንግሥት በዘመኑ አይታወቅም። ሥራው ከባድ ነው፤ ትርፍ የለውም፤ የሳንቲሙ ዋጋ መዳብ ነውና ወርቁን ማንም አይጠይቀውም ነበር። ሽንኩርትና ጨው በሚገዛበት ሳንቲም ላይ፣ ማንም በማይጠይቅበት ስፍራ ወርቅ አኖሩ።

እዚህ ላይ ብቆም ጽሑፌ ሌላ ጭብጨባ ይሆን ነበር። ታሪኩ ግን ይቀጥላል።

ሳንቲሞቹን የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚነግሩን የመጀመሪያዎቹ የአክሱም ነገሥታት ወርቅ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ንጹሕ ነበር። ከዚያ በኋላ በየትውልዱ ብር እየተቀላቀለበት ወረደ። በ7ኛው መቶ ዘመን፣ የሳንቲም ማተሙ ሥራ ሊቋረጥ በቀረበበት ጊዜ፣ ወርቅ ተብሎ በሚወጣው ሳንቲም ውስጥ ያለው እውነተኛ ወርቅ ወደ ግማሽ ያህል የወረደባቸው አሉ። በዚያው ዘመን መስቀሉ ምን ሆነ? በዛ። በፊደሎቹ መካከል ገባ፤ በንጉሡ ዘውድ ላይ ወጣ፤ በንጉሡ እጅ ተያዘ። አርማሕ በመዳብ ሳንቲሙ ላይ በዙፋን ተቀምጦ ረጅም የመስቀል በትር ጨብጧል። ሥዕሉ ያምራል። የመስቀሉ ቁጥር ወደ ላይ፣ የወርቁ ንጽሕና ወደ ታች ሲሄድ እናያለን።

ፈጥናችሁ እንዳትፈርዱ። ወርቁ የጎደለው ነገሥታቱ ሌቦች ስለ ሆኑ ነው የሚል ማስረጃ የለኝም። በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፋርስ የመንን ያዘች፤ በ7ኛው መቶ ዘመን የቀይ ባሕር ንግድ ከእጃችን ወጣ። ንጉሥ ካሌብ ስለ ናግራን ሰማዕታት በ520ዎቹ ባሕር ተሻግሮ ሲዘምት የፈሰሰው ወርቅ ብዛቱ የሚታወቀው በየመን በአል-ማድሃሪባ ከተገኘው የተቀበረ ገንዘብ ነው፤ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ የወርቅ ሳንቲም፣ አብዛኛው የአክሱም፣ የቀረው የሮም። እንዲህ ያለ ወጪ ካዝና ያራቁታል። (ካሌብ ራሱ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መንኗል፤ መልኩ በወርቅ የታተመ ሰው ወርቁን ትቶ ወጣ ማለት ነው።) ድህነት ኃጢአት አይደለም። ወርቅ ያጣ መንግሥት በብር ቢያትም፣ በመዳብ ቢያትም ማን ይከሰዋል? እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የተቀላቀለውም ሳንቲም ያው መልክ፣ ያው ጽሕፈት፣ ያው መስቀል ነበረው። ሳንቲሙ በፊቱ ስለ ሆዱ አይናገርም ነበር።

ከሮም ጋር ብናስተያየው ደግሞ ይብሳል። የቆስጠንጢኖስ ሶሊዱስ ሰባት መቶ ዓመት ያህል፣ እስከ 11ኛው መቶ ዘመን ድረስ፣ ንጽሕናውን ጠብቆ ኖሯል። በአዱሊስ የነበረው ነጋዴው ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዘመን የጻፈው አንድ ወግ አለ። ሶጳጥሮስ የተባለ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር በመርከብ ወደ ስሪላንካ ይሄዳል። በዚያም ከንጉሡ ፊት አንድ ፋርሳዊ የእርሱ ንጉሥ እንደሚበልጥ ይመካል። ሶጳጥሮስ ክርክር አላበዛም፤ የሁለቱ ነገሥታት ሳንቲም በእጅህ አለና ተመልከት ይለዋል። የሮማው ወርቅ ጥሩና ብሩህ፣ የፋርሱ ግን ብር ነበር፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። የእኛ ሰዎች በዚያች መርከብ ላይ ነበሩ። የእኛ ሳንቲም በዚያ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ምን ይባል ነበር?

አሁን ወደ ቦምቤ ልመለስ።

ያው ኮስማስ የአክሱም ወርቅ ከወዴት ይመጣ እንደ ነበር ሲጽፍ ነጋዴዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ወደ ወርቅ አገር ይወርዱ እንደ ነበር ይናገራል። ጨውና ብረት! የወላይታ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። በእኛ ምድር ከ1894ቱ የምኒልክ ዘመቻ በፊት፣ በካዎዎቹ ዘመን፣ ማርጩዋ የተባለው የብረት ዘንግ ለመገበያያ ያገለግል ነበር። በማርጩዋ ላይ የካዎ መልክ የለም፤ ጽሕፈት የለም፤ ምልክት የለም። ዋጋው ብረቱ ነው። ለቀጥቃጭ ሰጥተህ ዶማ ወይም ማጭድ ታሠራዋለህ፤ ብረቱ መጥፎ ከሆነ በመጀመሪያው ምት ይታወቃል። ስለዚህም በማርጩዋ ማታለል ይከብዳል። (ያንን ብረት የሚያወጣውንና የሚቀጠቅጠውን ሰው ግን ንቀን፣ ልጅ እንዳንሰጠው፣ ማዕድ እንዳንካፈለው ሆነን ኖረናል። የመስቀል ጉልላታችንን የሠራ እጅ የማን እንደሆነ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፍበታለሁ።) ምልክት የሌለው ሐቀኛ ገንዘብ ከምልክታሙ ተቀላቃይ ገንዘብ ይሻላል ወይ? ብትሉኝ፣ ለገበሬው ይሻለው ነበር እላለሁ። ለመስቀሉ ክብርም ይሻል ነበር።

ወጣቶቻችን ሆይ፣ በእኛ ዘመን መስቀል በዝቷል። በባጃጁ መስታወት ላይ አለ፤ በስልኩ መክፈቻ ላይ አለ፤ በካናቴራው፣ በአንገቱ ማዕተብ፣ በሱቁ በር፣ በፌስቡኩ ፎቶ ላይ አለ። ይህ መልካም ነው፤ ማዕተብህን አውልቅ የሚለኝን አልሰማውም፣ እኔም አልለውም። ነገር ግን በገበያ ቀን የቦምቤን የዝንጅብል ተራ ዞር ብላችሁ እዩ። ዝንጅብል የዚህ አካባቢ ወርቅ ነው። አጠውላጊው በሽታ ከገባ ወዲህ ደግሞ ገበሬው የሚያገኘው በስንት ድካም ነው። ከስንት ወር አረም በኋላ በጀርባው ተሸክሞ ያመጣውን ዝንጅብል የሚመዝንለት ሚዛን በአንዳንዱ ሰብሳቢ እጅ ሁለትና ሦስት ኪሎ ይውጣል። ገበሬውም በበኩሉ አፈሩን ሳያራግፍ፣ ውኃ አርከፍክፎ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። አንዱ አንዱን ይሰርቃል፤ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከሚዛኑ በላይ በግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሎ ያየሁበት ጊዜ አለ፤ የሰይጣንን ራስ የረገጠበት፣ በእጁም ሚዛን የያዘበት።

በወላይታ የምንኖረው እምነታቸው ከእኛ ከተለየ ብዙ ጎረቤቶች ጋር ነው። ስለ ሃይማኖታችን መጽሐፍ ገልጠን የምንነጋገርባቸው ቀናት በዓመት ስንት ናቸው? በሚዛን ላይ የምንገናኝባቸው ቀናት ግን በየሳምንቱ አሉ። ጎረቤታችን ስለ ኦርቶዶክሳዊ ሕይወት የሚያነበው መጽሐፍ ያ ሚዛን ነው። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት የተጠላ መሆኑን መጽሐፍ ደጋግሞ ይናገራል (ዘሌ. 19፥35-36፤ ምሳ. 11፥1)። ስለ ሚዛን ግን ስንት ስብከት ሰምታችኋል? ስለ ልብስ አጭርነት ከሰማችሁት ጋር አስተያዩት።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ሥራ አመራርም በጽሑፍ አቀርበዋለሁ። ዘንድሮ ለበዓል ልዩ ልብስ ለማሠራት ከምናሰባስበው መዋጮ ከፍለን አንድ የተመረመረና የታሸገ ሚዛን እንግዛ። በገበያ ቀን በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ እናቁመው። ሁለት ሁለት ሆነን በተራ እንቁምበት። ዝንጅብል፣ ቡና፣ ጎደሬ፣ ቅቤ ይዞ ወደ ገበያ የሚወርድ ሁሉ፣ ኦርቶዶክስ ይሁን አይሁን፣ ያለ ክፍያ መዝኖ ልኩን አውቆ ይሂድ። ከአባሎቻችን መካከል የሚነግዱት ደግሞ የራሳቸውን ሚዛን በየወሩ ወደዚያ አምጥተው በሕዝብ ፊት ያስተካክሉ። የመጀመሪያው የምትመጣ ሚዛን የእኛው የአባል ሚዛን ትሁን።

ይህን በቃል ለጥቂት ወንድሞችና እኅቶች ባነሣው ሁለት ተቃውሞ ገጠመኝ። አንደኛው «ጌታ ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ አስወጥቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ገበያ አይደለችም» የሚል ነው። ጌታ ያስወጣው ከድኻው በሚዛንና በምንዛሪ የሚያተርፈውን ነው። ለድኻው ያለ ዋጋ የሚመዝንለት ቆሞ ቢሆን ኖሮ ገበታው የሚገለበጥበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለተኛው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ነው። ልክ ነው፤ የንግድ ጽሕፈት ቤቱም ይሥራ፤ እርሱ ሲሠራ እኛ ሚዛናችንን ለሌላ ገበያ እንሰጣለን።

ለዚህ ሥራ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ቅዱሳን ነገሥታት ታሪክ ሄጄ ነበር። ያገኘሁት ግን ካልጠበቅሁት ሰው ነው። ንጹሑ ሶሊዱስ እንኳ በአጭበርባሪዎች ጠርዙ እየተፋቀ ይሰረቅ ስለ ነበር፣ በ363 ዓ.ም. አንድ የሮም ንጉሥ በየከተማው ዚጎስታቴስ የሚባል ሚዛን ያዥ እንዲቆም በሕግ አዘዘ። ታማኝነቱና ትጋቱ የተመሰከረለት ሰው ሆኖ፣ ሻጭና ገዢ በወርቅ ሳንቲም በተጣሉ ጊዜ በመካከላቸው መዝኖ የሚፈርድ ነው። ሕጉን ያወጣውን ንጉሥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ መርቆሬዎስ ፈረስ እግር ሥር፣ በጦር ተወግቶ የወደቀው ከሓዲው ዮልያኖስ ነው። መስቀሉን ከሳንቲሙ ያራቀ፣ ክርስቶስን የካደ ሰው ለከተሞቹ ሐቀኛ ሚዛን አቆመላቸው። የአክሱም ክርስቲያን ነገሥታት መስቀሉን አብዝተው ወርቁን ቀላቀሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚይዝ፣ መስቀሉም ያለው ሚዛኑም የቀና ሰው ከየት ይምጣ? ኢዛና አንድ ጊዜ ይዞት ነበር። እነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ አንጥረኞችም፣ በድኻው መዳብ ላይ ወርቅ የለጠፉቱ፣ ይዘውት ነበር።

የሚዛኑን ዋጋ ከሶዶ አጠያይቄያለሁ፤ ለልብሱ ከመደብነው ያነሰ ነው። በመጪው ጉባኤ ቀን የሚነግዱ አባሎቻችን የየራሳቸውን ሚዛን ይዘው እንዲመጡ እጠይቃለሁ። በዚያው ቀን በሚኖረው የጥያቄና መልስ ውድድርም ከ«ቀድማ ያተመች አገር ማን ናት?» በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ እንዲጨመር ለአዘጋጆቹ ሰጥቻለሁ፤ መልሱን የሚያውቅ እጁን ከማውጣቱ በፊት ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።